የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለመሆን ስለሚጠየቀው ዲግሪ፤ የአሜሪካ ልምድ

መግቢያ

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው። ባለጉዳይ ጉዳዩን በዳኛ ፊት፣ በሽተኛ ሕመሙን በሐኪም ፊት፣ ተማሪም ጥያቄውን በመምህሩ ፊት ካላስረዳ የሚገባውን አያገኝም ማለት ነው። ነገር ግን ተናጋሪው በእጁ የሚናገር፣ ሰሚው ደግሞ በጆሮው ብቻ የሚሰማ በሆነ ጊዜ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሰው መግባት ግድ ይሆናል። ይህም ሦስተኛ ሰው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነው። የሁለቱም ወገን ጉዳይ በእርሱ እጅና አንደበት ላይ የሚወድቅ ስለ ሆነ፣ «ይህ ሰው ማነው? ምን ተምሯል? ችሎታውንስ ማን መዘነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው ያሰብነው ይህ ጥያቄ በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ምን መልስ እንዳገኘ ነው። አሜሪካንን የመረጥንበት ምክንያት ሙያው በማኅበር ተደራጅቶ፣ በፈተና ተመዝኖ፣ በኋላም በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ላይ እንዲቆም የተደረገበት ታሪክ በዚያ አገር ደረጃ በደረጃ ሊታይ ስለሚችል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የነገሩን ክብደት ለማሳየት አንድ በዓለም የታወቀ ምሳሌ እናንሣ። በታኅሣሥ ወር 2013 ዓመተ ምሕረት በጆሐንስበርግ ከተማ ለኔልሰን ማንዴላ በተደረገው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ከየአገሩ መሪዎች አጠገብ ቆሞ በምልክት ቋንቋ እንዲያስተረጉም የተቀጠረ ሰው ነበረ። በስታዲዮሙ የተሰበሰበው ሕዝብና መሪዎቹ ራሳቸው በሰውዬው ሥራ ላይ አንዳች ጉድለት አላዩም። በቴሌቪዥን ይመለከቱ የነበሩት መስማት የተሳናቸው የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ግን ምልክቶቹ ትርጉም የሌላቸው መሆናቸውን ወዲያው አስታወቁ። በኋላም የመንግሥቱ ባለሥልጣን ይቅርታ ጠየቁ።

ከዚህ ምሳሌ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ጫማ የሚያሠራ ሰው ጫማው ቢጠበው ራሱ ያውቀዋል፤ አስተርጓሚ የሚቀጥር ሰው ግን ቋንቋውን ስለማያውቅ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ሊለይ አይችልም። ስሕተቱን ሊያውቅ የሚችለው መስማት የተሳነው ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን አቤቱታውን የሚያሰማው በዚያው ባልተቃና አስተርጓሚ በኩል ነው። የብቃት ምስክር ወረቀት ያስፈለገው፣ ቀጣሪው በገዛ ዓይኑ ሊመዝነው የማይችለውን ችሎታ ሌላ ዐዋቂ መዝኖ እንዲመሰክርለት ነው። የዲግሪውም ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

1. የአስተርጓሚ ሥራ ምንድር ነው?

ብዙ ሰዎች የምልክት ቋንቋ ማለት የአፍ ቋንቋ ቃል በቃል ወደ እጅ ሲገለበጥ ነው ብለው ያስባሉ። ይህ ስሕተት ነው። የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ከእንግሊዝኛ የተለየ ሰዋስው ያለው ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። ይህንንም በጋሎዴት ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ዊልያም ስቶኪ በ1960 ባሳተመው ጥናት ለቋንቋ ሊቃውንት አሳየ፤ በ1965ም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋራ የቋንቋውን መዝገበ ቃላት አወጣ።

የሰዋስውን ልዩነት በጥቂት ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በዚህ ቋንቋ ፊት ራሱ የሰዋስው ክፍል ነው። «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሲጠየቅ ቅንድብ ወደ ላይ ይነሣል፤ «ማን፣ የት፣ ለምን» የሚል ጥያቄ ሲጠየቅ ግን ቅንድብ ወደ ታች ይሰበሰባል። እንደዚሁም ተናጋሪው አንዱን ሰው በቀኙ፣ ሌላውን በግራው በኩል ባለው ባዶ ስፍራ ላይ «ካስቀመጠ» በኋላ፣ «ሰጠው» ለማለት እጁን ከቀኝ ወደ ግራ ይወስዳል፤ ሰጪና ተቀባይ በዚህ ይታወቃሉ። ስለዚህ ጣቶቹን ፈጥኖ የሚያንቀሳቅስ፣ ፊቱ ግን እንደ ድንጋይ የማይለወጥ አስተርጓሚ የዐረፍተ ነገሩን ግማሽ አስቀርቶታል ማለት ነው።

ደግሞም የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው ቋሚ የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት በ1817 በሃርትፎርድ ከተማ ሲቋቋም፣ ከቶማስ ጋሎዴት ጋራ መሥራች የነበረው መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ መምህር ሎራን ክለር ነበረ። በዚህም ምክንያት የአሜሪካው የምልክት ቋንቋ ከፈረንሳዩ ጋራ ይዛመዳል እንጂ ከብሪታንያው ጋራ አይዛመድም። በአፍ አንድ ቋንቋ የሚናገሩት አሜሪካና ብሪታንያ በእጅ ግን አይግባቡም።

ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተናጋሪው ሳያቋርጥ እየተናገረ አስተርጓሚው በጥቂት ቃላት ርቀት እየተከተለ የሚያስተረጉምበት ነው፤ በስብሰባና በክፍል ውስጥ የሚሠራበት በብዛት ይህ ነው። ሁለተኛው ተናጋሪው ጥቂት ተናግሮ ዝም ሲል አስተርጓሚው ተቀብሎ የሚያስተረጉምበት ሲሆን፣ ለምስክርነትና ለሕክምና ምርመራ ይመረጣል። የፊተኛው ዐይነት አእምሮን እጅግ የሚያደክም ስለ ሆነ፣ ረዘም ባለ ስብሰባ ሁለት አስተርጓሚዎች ተመድበው በየሃያ ደቂቃው ያህል ይተካካሉ። ይህን የማያውቅ ቀጣሪ «ሁለት ሰው ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ያጕረመርማል፤ ድካሙ ግን ስሕተትን ያመጣል፤ የስሕተቱንም ዕዳ የሚከፍለው በሽተኛው ወይም ተከሳሹ ነው።

2. ሙያው እንዴት ተጀመረ?

ከስድሳ ዓመታት በፊት በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት ሙያ ተብሎ አይቈጠርም ነበር። የሚያስተረጉሙት መስማት የተሳናቸው ወላጆች የወለዷቸው ልጆች፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ የልዩ ትምህርት ቤት መምህራንና ጎረቤቶች ነበሩ። ሥራውም እንደ በጎ አድራጎት ይታይ ስለ ነበረ ደመወዝ የሚጠይቅ ጥቂት ነበረ። በዚህ አሠራር የሚደርሰውን ችግር መገመት አያዳግትም። የዐሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ከባድ ሕመም ከሐኪሙ ሰምቶ ለእናቱ እንዲነግር ሲገደድ፣ ልጁ ከዕድሜው በላይ ሸክም ይሸከማል፤ እናቲቱም ምስጢሯን ከልጇ ልትሰውር አትችልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የሚደብቀው በሽተኛው ሳይሆን አዝኖ ወይም ፈርቶ ቃሉን የሚያለዝበው አስተርጓሚ ሊሆን ይችላል።

በሰኔ ወር 1964 በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፣ በመንሲ ከተማ በሚገኘው የቦል ስቴት የመምህራን ኮሌጅ ስለ አስተርጓሚዎች ጉዳይ ዐውደ ጥናት ተደረገ። ከዚህ ስብሰባ ዛሬ «ሬጂስትሪ ኦፍ ኢንተርፕሪተርስ ፎር ዘ ዴፍ» ተብሎ የሚጠራው ማኅበር ተወለደ። ትርጓሜው የመስማት የተሳናቸው ሰዎች አስተርጓሚዎች መዝገብ ማለት ነው፤ እኛም ከዚህ በኋላ በአጭሩ «መዝገቡ» እንለዋለን። ስሙ እንደሚያመለክተው የመጀመሪያ ዓላማው ችሎታ አላቸው የተባሉትን ሰዎች ስም በአንድ መዝገብ ላይ አስፍሮ ፈላጊ እንዲያገኛቸው ማድረግ ነበረ። መዝገቡ የመመዘኛ ፈተና መስጠት የጀመረው በ1972 ነው።

በዚያው ዘመን የአገሩ ሕግ የአስተርጓሚን አስፈላጊነት እያሰፋ ሄደ። በ1965 የወጣው የሙያ ማቋቋሚያ ሕግ ማሻሻያ የአስተርጓሚን ዋጋ የመንግሥት ገንዘብ እንዲከፍል ፈቀደ። በ1973 የወጣው ሕግ፣ በተለይም 504ኛው ክፍሉ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ሁሉ በአካል ጉዳት ምክንያት ሰውን እንዳያገል ከለከለ። በ1975 የወጣው የትምህርት ሕግ ልጆች በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት እንዲማሩ በሩን ከፈተ። በ1978 የወጣው ሕግ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲመደብ አደረገ። በመጨረሻም በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ግዴታውን ወደ ግል ሐኪም ቤቶች፣ ወደ ንግድ ድርጅቶችና ወደ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች አደረሰው።

እንግዲህ ሕጉ ፈላጊውን በአንድ ጊዜ አበዛ፤ ሠልጣኙ ግን እንደዚያ በፍጥነት ሊበዛ አልቻለም። ሁለት ወር የምልክት ቋንቋ የተማረ ሰው በፍርድ ቤት ሊቆም የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

3. የዲግሪው ግዴታ እንዴት መጣ?

የመዝገቡ አባላት በ2003 ባደረጉት ጉባኤ፣ ለምስክር ወረቀቱ ፈተና የሚቀርብ ሰው የኮሌጅ ዲግሪ እንዲኖረው በድምፅ ወሰኑ። ውሳኔው ወዲያው በሥራ ላይ አልዋለም፤ ለተማሪዎችም ለትምህርት ቤቶችም ጊዜ ለመስጠት ሲባል በደረጃ ተከፈለ።

የሚሰማ ተፈታኝ ከሰኔ 30 ቀን 2009 ጀምሮ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ፣ ከሰኔ 30 ቀን 2012 ጀምሮ ደግሞ ቢያንስ ባችለር የሚባለው የአራት ዓመት ዲግሪ እንዲኖረው ተደነገገ። መስማት ለተሳናቸው ተፈታኞች ግዴታው ዘግይቶ እንዲመጣ ተደረገ፤ እነርሱ የሁለቱን ዓመት ዲግሪ እንዲያቀርቡ የተጠየቁት ከ2012 ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «መስማት የተሳነው ሰው እንዴት አስተርጓሚ ይሆናል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ባለመግባታቸው የታወቀውን የምልክት ቋንቋ አያውቁም፤ ከቤተሰባቸው ጋራ በሚግባቡበት የእጅ ምልክት ብቻ ይናገራሉ። ሌሎችም ከውጭ አገር የመጡ ስለ ሆኑ የሚያውቁት የአገራቸውን የምልክት ቋንቋ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ዋሽንግተን የሄደ መስማት የተሳነው ወጣት የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ ይዞ ይሄዳል እንጂ የአሜሪካውን አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዓይኑ ብቻ ዓለምን የተረዳ፣ በሙያውም የሠለጠነ መስማት የተሳነው አስተርጓሚ ከሚሰማው አስተርጓሚ ጋራ ተጣምሮ ይሠራል። የሚሰማው ከእንግሊዝኛ ወደ አሜሪካ የምልክት ቋንቋ ይመልሳል፤ ሁለተኛው ያንን ተቀብሎ ባለጉዳዩ በሚረዳው መንገድ ያቀርበዋል። የነዚህ ሰዎች የምስክር ወረቀት ከሚሰሙት የተለየ ነው።

4. ዛሬ የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት የሚያስፈልገው

በ2005 መዝገቡና የአገሩ መስማት የተሳናቸው ማኅበር በአንድነት ያዘጋጁት ብሔራዊ የአስተርጓሚነት ምስክር ወረቀት ሥራ ላይ ዋለ። በእንግሊዝኛ የፊደል ምሕጻሩ «ኤን አይ ሲ» ይባላል። በ2016 ደግሞ ፈተናውን የሚያዘጋጅና የሚያካሂድ «ካስሊ» የሚባል የተለየ ድርጅት ተቋቋመ፤ ፈታኙና ምስክር ወረቀት ሰጪው እንዲለያዩ ማለት ነው። አንድ የሚሰማ ተፈታኝ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ዕድሜው ቢያንስ 18 ዓመት መሆን አለበት።

ለ. የዕውቀት ፈተና ይፈተናል። ይህም ከተሰጡት መልሶች ትክክለኛውን በመምረጥ የሚሠራ ሆኖ፣ ስለ ሁለቱ ቋንቋዎች፣ ስለ ማስተርጎም ዘዴ፣ ስለ መስማት የተሳናቸው ኅብረተሰብ ባህልና ስለ ሕጉ ይጠይቃል።

ሐ. የዲግሪውን ማስረጃ ወይም በሚቀጥለው ክፍል የምንገልጸውን ተመጣጣኝ ማስረጃ ያቀርባል። ዲግሪው ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት የተገኘ መሆን አለበት እንጂ በማስተርጎም ሙያ ብቻ እንዲሆን አይጠየቅም። በታሪክ፣ በሒሳብ ወይም በነርስነት ዲግሪ ያለው ሰው ሊፈተን ይችላል።

መ. የሥነ ምግባርና የተግባር ፈተና ይፈተናል። በተግባሩ ፈተና በፊልም የቀረበለትን ንግግር ወደ ምልክት፣ ምልክቱንም ወደ ንግግር ሲመልስ ሥራው ተቀርጾ በመዛኞች ይታያል። ሁለቱም አቅጣጫ መመዘኑ ተገቢ ነው፤ ብዙ ተማሪ ወደ እጅ መመለስ ሲቀለው፣ ከእጅ ወደ አፍ መመለስ ይከብደዋልና። በዚህም ድካም የሚጎዳው መስማት የተሳነው ሰው ነው፤ የተማረና አስተዋይ የሆነው ሰው በአስተርጓሚው ደካማ እንግሊዝኛ ምክንያት ያልተማረ መስሎ ይታያል።

ሠ. የምስክር ወረቀቱን ካገኘ በኋላ በየአራት ዓመቱ 8 የተከታታይ ትምህርት ነጥብ ማሟላት አለበት። አንዱ ነጥብ 10 ሰዓት ስለ ሆነ ድምሩ 80 ሰዓት ይሆናል፤ ከዚህም 60ው ሰዓት በሙያው ትምህርት መሆን ይገባዋል። ይህን ያላሟላ ሰው ምስክር ወረቀቱ ይወሰድበታል።

ከዚህ ሌላ ባለሙያው በ2005 በወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ይገዛል። ደንቡ ሰባት አንቀጾች አሉት፤ የመጀመሪያውም ምስጢርን መጠበቅ ነው። አስተርጓሚ በሐኪም ቤት ያየውን በገበያ አያወራም፤ ባለጉዳዩን አይመክርም፤ የሰማውን አይቀንስም፣ አይጨምርምም። ስድብም ቢሆን እንደ ስድብነቱ ያደርሰዋል።

5. ዲግሪ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል?

የዲግሪው ውሳኔ ሲወጣ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ከመስማት ከተሳናቸው ወላጆች ተወልዶ፣ የምልክት ቋንቋን ከእናቱ ጡት ጋራ የጠጣ፣ ሃያ ዓመት ያስተረጎመ፣ ዩኒቨርሲቲ ግን ያልገባ ሰው ምን ይሁን? በሩ ይዘጋበት ቢባል ፍርድ አይሆንም፤ ያለ ምንም ማስረጃ ይግባ ቢባል ደግሞ ደንቡ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ መዝገቡ ተመጣጣኝ መንገድ አዘጋጀ። በዚህ መንገድ የኮሌጅ ኮርሶች፣ የሥራ ዘመንና የሙያ ሥልጠና ወደ ነጥብ ተለውጠው ይቈጠራሉ። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ በ60 ነጥብ፣ የአራት ዓመቱ ዲግሪ በ120 ነጥብ ይተካል። 120 ማለት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ተማሪ ባችለር ለመቀበል በተለምዶ የሚያጠናቅቀው የክሬዲት ቁጥር ነው። ይህ መንገድ ግን ከዲግሪው ብቻ ነው የሚያሳርፈው፤ ከፈተናው ማንንም አያድንም።

6. የማኅበር ምስክር ወረቀትና የመንግሥት ሕግ አንድ አይደሉም

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ስላለ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን። መዝገቡ የሙያ ማኅበር እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። የፌዴራሉ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሚጠይቀው «ብቁ» አስተርጓሚ ነው፤ ብቁ ማለትም ንግግሩን በሚገባ፣ በትክክልና ያለ አድልዎ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ልዩ ቃላት ጨምሮ ሊያስተረጉም የሚችል ማለት ነው። የምስክር ወረቀትም፣ ዲግሪም በዚህ ትርጓሜ ውስጥ አልተጠቀሱም።

ከዚህ የተነሣ አሠራሩ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ይለያያል። አንዳንዱ የመዝገቡን ምስክር ወረቀት ለፈቃድ መስጫ ያደርገዋል፤ ቴክሳስ የራሱን ፈተና አዘጋጅቶ ራሱ ይመዝናል፤ ሌላው ደግሞ የተለየ የፈቃድ ሕግ የለውም። በትምህርት ቤት ለሚያስተረጉሙ ሰዎች ደግሞ ከ0 እስከ 5 የሚመዝን ለብቻው የተዘጋጀ ፈተና አለ፤ ብዙ ክፍለ ግዛቶች 3.5 ወይም 4 እንዲያገኙ ይጠይቃሉ። በትምህርት ቤት ያለው ጉዳይ በተለይ ያሳስባል፤ አዋቂ ሰው አስተርጓሚው ሲሳሳት «ቆይ» ሊለው ይችላል፤ የሰባት ዓመት ሕፃን ግን የሚያየውን ሁሉ ትክክለኛ ቋንቋ ነው ብሎ ይቀበላል። ቋንቋውን የሚማረውም ከዚያው አስተርጓሚ ነው።

7. በዲግሪው ላይ ያለው ክርክር

የዲግሪውን ግዴታ የሚደግፉ ሰዎች ምክንያታቸው ይህ ነው። አስተርጓሚ ዛሬ ጠዋት የኩላሊት ሕመም፣ ከሰዓት በኋላ የውርስ ክርክር፣ ማታ የኬሚስትሪ ትምህርት ሊያስተረጉም ይችላል፤ ሰው ደግሞ ያልገባውን ነገር ሊያስተረጉም አይችልም። ስለዚህ ሰፊ ዕውቀት ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ሁለተኛም ከሐኪምና ከጠበቃ መካከል ቆሞ የሚሠራ ሰው በትምህርት ደረጃው ካልተከበረ ቃሉም ክፍያውም አይከበርም።

የሚቃወሙትም የሚናገሩት አላቸው። ዲግሪው በማንኛውም የትምህርት ዐይነት ሊሆን ከቻለ፣ የምልክት ቋንቋ ችሎታን እንዴት ያሳያል? የዩኒቨርሲቲ ዋጋ ከፍተኛ በሆነበት አገር ይህ ደንብ ድኾችን፣ ጥቁሮችንና ስደተኞችን ከሙያው አያርቅምን? ከሁሉም በላይ ቋንቋውን በቤታቸው ያገኙት የመስማት የተሳናቸው ልጆች በክፍል ውስጥ በተማሩት ሰዎች እየተተኩ፣ ሙያው ከቋንቋው ባለቤቶች እጅ እየወጣ ነው ይላሉ።

እኛ ሁለቱንም ወገን ከመረመርን በኋላ የደረስንበት አስተያየት የሚከተለው ነው። ዲግሪ የእጅ መመዘኛ አይደለም፤ የእጅ መመዘኛው የተግባሩ ፈተና ነው። ዲግሪ የሚመሰክረው ሰውዬው ብዙ ነገር ለመረዳት መሠልጠኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ዲግሪ ያለ ፈተና ባዶ ነው፤ ፈተና ያለ ዲግሪ ግን፣ ተመጣጣኙ መንገድ በእውነት ክፍት እስከ ሆነ ድረስ፣ ሊሠራ ይችላል። አደጋው ቀጣሪው ዲግሪውን አይቶ ፈተናውን ሲረሳ ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፈረንሳይኛ አስተርጓሚ ለመሆን የሚገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ ፈረንሳይኛውን አስቀድሞ ያውቃል። ወደ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት ትምህርት የሚገባው አብዛኛው አሜሪካዊ ተማሪ ግን ቋንቋውን የሚጀምረው እዚያው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ቋንቋንም ሙያንም መማር የማይቻል ስለ ሆነ፣ ተመርቆ የወጣው ሁሉ ወዲያው የምስክር ወረቀቱን ፈተና ሊያልፍ አይችልም፤ በመካከሉ ያለውን ጊዜ ያለ ምስክር ወረቀት እየሠራ ያሳልፋል። የአራት ዓመቱ ትምህርት ተገቢ መሆኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳን ይህ ምክንያት ነው። በ2006 የአስተርጓሚ ትምህርት ክፍሎችን መርምሮ ዕውቅና የሚሰጥ ኮሚሽን የተቋቋመውም ትምህርቱ ራሱ እንዲመዘን ነው።

8. ጉዳዩ እኛን የሚነካበት መንገድ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ነገር ግን በሁለት በኩል ይነካናል።

አንደኛው በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ይመለከታል። ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ከተማ ነው። በዚያች ከተማ መስማት የተሳናት ልጅ ያለቻት፣ አማርኛ እንጂ እንግሊዝኛ የማታውቅ እናት አለች እንበል። ልጅቱ በትምህርት ቤቷ የአሜሪካን የምልክት ቋንቋ ትማራለች። እናትና ልጅ ከአንድ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሦስት ቋንቋ በአንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛል፤ ከምልክት ወደ እንግሊዝኛ አንድ አስተርጓሚ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሌላ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። እናት የልጇን ቃል የምትሰማው ሁለት ሰዎችን አልፎ ነው። አማርኛም የአሜሪካን የምልክት ቋንቋም የሚያውቅ ሠልጣኝ ቢገኝ እናትና ልጅን ፊት ለፊት ያገናኛቸው ነበር። በዚያ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ይህን ሙያ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሁለተኛው ያገራችንን ጉዳይ ይመለከታል። ሕገ መንግሥታችን በ20ኛው አንቀጹ፣ የፍርድ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ኢትዮጵያ በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች፤ ይህም ስምምነት ስለ ሠለጠኑ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች በስም ይናገራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2008 ጀምሮ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋና የመስማት የተሳናቸው ባህል በዲግሪ ደረጃ ትምህርት ሆኗል። የቋንቋችን የጣት ፊደል ራሱ ሊጠና የሚገባው ድንቅ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ ተሰጥቶ፣ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ድምፆች በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ይህን የአሜሪካ መጽሐፍ ሊያስተምረን አይችልም።

እንግዲህ ከአሜሪካ የምንወስደው ደንቡን እንዳለ ሳይሆን የደንቡን አመጣጥ ነው። እነርሱ በመጀመሪያ ስም መዘገቡ፤ ቀጥለው ፈተና አወጡ፤ ከፈተናው በኋላ ነው ዲግሪን የጠየቁት፤ ከመጀመሪያው ፈተና እስከ አራት ዓመቱ ዲግሪ ግዴታ 40 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በኛ በኩል ዲግሪው አስቀድሞ ተገኝቷል፤ ይህም በጎ ዕድል ነው። ነገር ግን ከዲግሪው ጋራ ጎን ለጎን የእጅን ሥራ የሚመዝን፣ በመዛኞቹም መካከል መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚቀመጡበት ፈተና ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

ከላይ የተጻፈውን ባጭሩ ለመሰብሰብ ያህል፣ በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት ከበጎ አድራጎት ተነሥቶ በ1964 ወደ መዝገብ፣ በ1972 ወደ ፈተና፣ በ2012 ወደ አራት ዓመት ዲግሪ ደርሷል። ዲግሪው የዕውቀትን ስፋት፣ ፈተናው የእጅን ችሎታ፣ የሥነ ምግባር ደንቡ የልብን ታማኝነት ይጠብቃሉ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሸክሙ የሚወድቀው አስተርጓሚውን መርጦ ባልቀጠረው ሰው ላይ ነው።

ስለ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚወጣ ደንብ ሁሉ ሊመዘን የሚገባው በዚህ ሰው ዓይን ነው ብለን እናምናለን። በችሎት የቆመው መስማት የተሳነው ተከሳሽ የአስተርጓሚውን ዲፕሎማ አያይም፤ የሚያየው እጁንና ፊቱን ነው። እርሱ የተናገረው ቃል ከዳኛው ዘንድ እንደ ተናገረው ከደረሰ ደንቡ ሥራውን ሠርቷል፤ ካልደረሰ ግን በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት ስንት ማኅተም ቢኖረው ምንም አይጠቅመውም።